«በአገራችን አልነበረም» ማለት ሃይማኖት ነውን?

ስለ ተመሳሳይ ጾታ ፍቅር በአማርኛ የሚነሣ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቃል ይዘጋል፤ «ይህ ነገር በእኛ አገር አልነበረም» በሚል። ቃሉ ከዐውደ ምሕረት ይሰማል፣ ከመስጊድ ይሰማል፣ በሬዲዮ ውይይት ይደጋገማል፣ በቲክቶክም ይዞራል። ሰሚው የሃይማኖት ቃል የሰማ ይመስለዋል። ልብ ብሎ ለመረመረው ግን የታሪክ ቃል ነው። «ኃጢአት ነው» የሚል ሰው ትምህርተ ሃይማኖት እየተናገረ ነው፤ የሚሟገተውም በቅዱሳት መጻሕፍትና በአበው ትርጓሜ ነው። «ወንጀል ነው» የሚልም የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 መጥቀስ ይችላል። «አልነበረም» የሚል ሰው ግን ስለ ቦታ፣ ስለ ዘመንና ስለ ሰዎች ምስክርነት እየሰጠ ነው፤ ምስክርነት ደግሞ በማስረጃ ይጸናል፣ በማስረጃ ይወድቃል። የእኔ ክርክር ይህ ምስክርነት አይጸናም፣ ትምህርተ ሃይማኖቱም አያስፈልገውም የሚል ነው። በአደባባይ ባህላችን ውስጥ ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩ ሰዎችን ሥዕል ያበላሸውም፣ በእኔ ግምት፣ ከሁሉ በላይ እሱ ነው።

ማስረጃውን ከሩቅ አገር ከማምጣት ከምዕራቡ ቆላ መነሣት ይሻላል። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ በተቀበሉ ጊዜ ከተነሡባቸው ተቃዋሚዎች መካከል ከብርቱዎቹ አንዷ ወለተ ጴጥሮስ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1592 ከመኳንንት ወገን ተወለደች፤ የንጉሡን አማካሪ መልክአ ክርስቶስን አገባች፤ ሦስት ልጆቿን በሕፃንነታቸው ቀበረች፤ ባሏ ከጳጳሱ ከአቡነ ስምዖን ገዳዮች ወገን መሆኑን ስታውቅ ትዳሯን ጥላ መነኮሰች። ንጉሡ ሊያስተዋት ሞክሮ ባልሆነለት ጊዜ ወደ ዠበይ አጋዛት። ዠበይ ከጣና ወዲያ ማዶ ወደ ሱዳን የሚወርደው ሞቃት አገር ነው፤ ዛሬ መተማንና ቋራን ከያዘው ቆላ ጋር አንድ ወገን። ሦስት ዓመት በግዞት ቆየች። ገድሏ እንደሚተርከው ጌታ ተገልጾ ቃል ኪዳን የሰጣት እዚያ ነው፤ ከማኅበሮቿም የመጀመሪያው የተሰበሰበው በዚያው በበረሃው ነው። ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ገድሉን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1672፣ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ፣ በዓይናቸው ያዩዋት ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ኅዳር 17 ቀን ታስባታለች።

ይህ ገድል በቅርብ ዓመታት ከጣና ዳር ወጥቶ የዓለም መነጋገሪያ ሆኗል። ዌንዲ ሎራ ቤልቸርና ሚካኤል ክላይነር እ.ኤ.አ. በ2015 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በእንግሊዝኛ አሳተሙት። ቤልቸር በትርጉሙ ላይ ተመሥርተው በሰጡት ትንታኔ ሁለት ነገሮችን አጉልተው አወጡ። አንደኛው ወለተ ጴጥሮስ ከባልንጀራዋ መነኩሲት ከእኅተ ክርስቶስ ጋር የነበራት፣ በመጀመሪያው መተያየት ተጠንስሶ እስከ ሞት የዘለቀ ፍቅር ነው። ሁለተኛው በአንድ ምሽት ወጣት መነኮሳይያት እርስ በርሳቸው ሲቀራረቡ አይታ ልቧ እንደተቃጠለና ወደ እግዚአብሔር እንደጮኸች የሚተርከው ክፍል ነው። ቤልቸር ይህን ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በሴቶች መካከል የሚገኝ የተመሳሳይ ጾታ ፍላጎት የተጻፈበት፣ እስካሁን ከሚታወቀው ሁሉ ቀደምት ምስክር አሉት። በአውስትራሊያ ከርቲን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ዶክተር ይርጋ ገላው ወልደየስ እ.ኤ.አ. በ2020 ረዥም ሒስ ጻፉ። ትርጉሙ የግዕዙን ቃል ያዛባ፣ ኢትዮጵያውያንን በባዕድ ዓይን የሳለ፣ የቅኝ ግዛት መንፈስ የተጠናወተው ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከሊቃውንት እጅ ወጥቶ የቤተ ክርስቲያን ክብር ጉዳይ ሆነ።

ሁለቱንም ወገን በየተራ እንመርምር። የቤልቸር ትንታኔ የሚደክመው እኅተ ክርስቶስ ላይ ነው። በክርስቲያናዊው ምናኔ ውስጥ የነፍስ ወዳጅነት የራሱ ልሳን አለው፤ ዮናታን ዳዊትን እንደ ነፍሱ ወደደው ይባላል፤ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙም ከባስልዮስ ጋር የነበረውን ወዳጅነት ሲናገር አንዲት ነፍስ በሁለት አካል ያደረች ያህል አድርጎ ነው። ገላውዴዎስ ይህን ልሳን ያውቃል፤ የሚጽፈውም በእሱ ነው። ሁለት ሴቶች ባልና ዘመድ ትተው አንድ ማኅበር ሲያቆሙ፣ አንዷም ካረፈች በኋላ ሌላዋ ማኅበሩን ስትመራ፣ ትልቅ ፍቅር እንደነበራቸው ማንም አይክድም። ይህን ፍቅር ወስዶ ሰውን በሚወደው ጾታ እየመደበ ስም በሚሰጥ መዝገብ ውስጥ ማስገባት ግን ሌላ ሥራ ነው። መዝገቡ ራሱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ የተከፈተ ነው፤ ወለተ ጴጥሮስ አታውቀውም፤ ብታውቀው እንኳ እኔ ማነኝ የሚለውን ጥያቄዋን የምትመልስበት በእምነቷ ነበር እንጂ በምኞቷ አልነበረም። እዚህ ላይ የተቺዎቹ ቅሬታ ትክክል ነው፤ ኃይል ያለው አንባቢ የራሱን ጥያቄ በሌላው መጽሐፍ ላይ ጽፎ መልሱን መልሶ ማንበቡ የታወቀ ነገር ነው።

የወጣት መነኮሳይያቱ ክፍል ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። መቀራረባቸውን የሚገልጸው የግዕዝ ግሥ የፍትወት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የግዕዝ ሊቃውንት ይከራከሩበት፤ እኔ ለጊዜው ተቺዎቹ ሙሉ በሙሉ ልክ ናቸው ብዬ ልቀበል። ወጣቶቹ ያደረጉት መላፋት ብቻ ነበር፤ እናታቸው የተቃጠለችውም ሥርዓት ስለፈረሰ ነው እንበል። ከዚህ ተነሥቶ «በገዳማችን እንዲህ ያለው ነገር አይታሰብም ነበር» ወደሚል መደምደሚያ መሻገር ይቻላልን? አይቻልም፤ የሚከለክሉንም የገዳማቱ የራሳቸው መጻሕፍት ናቸው። ወደ ግዕዝ ተመልሶ የመነኮሳት መመሪያ የሆነው ሥርዓተ ጳኩሚስ አንድ መነኩሴ የሌላውን እጅ እንዳይዝ፣ ሁለቱ በአንድ ምንጣፍ እንዳይተኙ፣ ሲቀመጡም ሲሄዱም በመካከላቸው የክንድ ያህል ርቀት እንዲኖር ያዝዛል። ይህን የደነገጉ አበው የሰው ልጅ ምን እንደሆነ የሚያውቁ፣ ስለሚያውቁትም የማያፍሩ ሰዎች ነበሩ። ፍትሐ ነገሥቱም ወንድ ከወንድ ጋር መተኛትን አንሥቶ ያወግዛል። ሕግ የሚወጣው ለማይታሰብ ነገር አይደለም። ስለዚህ ትልቁ ክርክር ስለ አንድ ግሥ ሆኖ ሳለ ከዚህ ግሥ ውጭ ያለው የቤተ ክርስቲያኒቱ መዝገብ ሁሉ ጉዳዩን ያውቀዋል።

በዚህ ሁሉ ጩኸት ውስጥ እምብዛም ያልተነሣ አንድ ሌላ ሰው በገድሉ ውስጥ አለ፤ የዠበዩ ጠባቂ። ገላውዴዎስ የሚስለው ጥቁር፣ አሕዛባዊ፣ ቅድስቲቱን የሚያስጨንቅ፣ ከሰይጣን ወገን የሆነ ሰው አድርጎ ነው። ስለ ዘመዶቹ፣ ስለሚያመልከው፣ ንጉሡ አንዲት መነኩሴ አምጥቶ እንዲጠብቅ ሲያዝዘው ምን እንዳሰበ አንድ ቃል የለም። ሰውየው የተሳለው ደገኛ በያዘው ብዕር ነው። ይህ የአንድ ደራሲ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የምዕራቡ ቆላ በደጋው መጽሐፍና በደጋው ጨዋታ ውስጥ ለዘመናት የታየው በዚህ መልክ ነው፤ የወባ አገር፣ የሽፍታ አገር፣ የግዞት አገር። መተማም ቢሆን በአገሪቱ ትውስታ ውስጥ የሰፈረችው በአመዛኙ አፄ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የወደቁባት ሜዳ ሆና ነው፤ የከተማዋም ስም መተማ ዮሐንስ ነው። ጠባቂውን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቤልቸር በቅድስቲቱ ላይ የራሳቸውን ሥዕል ሥለዋል ብሎ የሚቆጣ አንባቢ ቁጣው እውነተኛ ከሆነ ወደዚህ ሰውዬም ሊደርስ ይገባዋል። አንድን ሰው ያለ ስም፣ ያለ ዘመድ፣ ያለ ነፍስ፣ በማስፈራሪያነት ብቻ መሳል በደል የሚሆነው ሣዩ ፈረንጅ ሲሆን ብቻ አይደለም።

ከገዳም ወጥተን ወደ ገበሬው መንደር ብንሄድም «አልነበረም» አይረዳንም። ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጎንደር አካባቢ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1957 ለፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ውስጥ እንደ ሴት የሚኖሩ፣ የሴት ሥራ የሚሠሩ ወንዶች በአማራ ገበሬ መካከል እንዳሉ መዝግቧል። ጎረቤት ይወዳቸዋል፤ ሴቶቹ እንደ ወንድም ያዩአቸዋል፤ ባሎች አይቀኑባቸውም፤ ተፈጥሯቸው እንዲህ የሆነው ፈጣሪ ሳይጨርሳቸው ቀርቶ ነው ይባላል። ወንዳወንድ የሚባሉት ሴቶች ግን ያን ያህል ትዕግሥት አያገኙም ነበር። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሜሲንግም የውጭ ሰው ነው፤ ያየውን በራሱ መነጽር ነው ያየው። ደግሞም ሰውን የፈጣሪ ስሕተት አድርጎ መቻል ክብር መስጠት አይደለም፤ መንደሩ ስለ ሰዎቹ የመኝታ ነገርም የተናገረው የለም። ይሁን እንጂ ገበሬው ያላደረገውን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው አላለም። የማን ልጆች እንደሆኑ ያውቅ ነበር።

የዛሬው የአደባባይ ሥዕላችን ከገበሬው የሚለየው በዚህ ነው። የቅርቡን ጊዜ ክስተቶች አንድ በአንድ ብናስታውስ መልኩ ይታያል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 የተለያዩ እምነቶች መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ክልከላው በሕገ መንግሥት እንዲጻፍ ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2011 አዲስ አበባ ያስተናገደችው የአፍሪካ የኤድስ ጉባኤ ሊከፈት ሲል፣ ከወንድ ጋር ግንኙነት ስላላቸው ወንዶች ጤና ሊደረግ የታሰበ ስብሰባ ውዝግብ አስነሣ፤ የሃይማኖት መሪዎች ሊሰጡት የነበረውን መግለጫ የተዉት የጤና ጥበቃ ሚኒስትሩ ቴድሮስ አድኃኖም ካነጋገሯቸው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ጉዳዩ በይቅርታ አሰጣጥ ሕግና በታቀደ ሰላማዊ ሰልፍ ተነሣ፤ መንግሥት ሁለቱንም ተወው። እ.ኤ.አ. በ2019 ቶቶ ቱርስ የተባለ የቺካጎ አስጎብኚ ድርጅት ደንበኞቹን ወደ ላሊበላና ባሕር ዳር ሊያመጣ ነው ሲባል አንድ የሃይማኖት ማኅበር ተቃውሞውን መራ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ጸጥታ አካላት ሆቴሎችንና መጠጥ ቤቶችን መፈተሽ ጀመሩ፤ ሕዝቡም ጥቆማ እንዲሰጥ ተጠየቀ፤ በቲክቶክ የሰዎች ፎቶ ከዛቻ ጋር ተሰራጨ።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የሚታየው ገጸ ባሕርይ ማን ነው? የጉባኤ ተሳታፊ ነው፣ ቱሪስት ነው፣ የእርዳታ ድርጅት ነው፣ ስውር ገንዘብ ነው። እናት የለውም፤ የክርስትና ስም የለውም፤ ሰሊጥ አላጨደም፤ ወታደር ቤት አልገባም። በቀልድና በድራማ ብቅ ሲል ደግሞ የሚቅለሰለስ ድምፅና የሚወዛወዝ ዳሌ ይሰጠውና ለሳቅ ይቀርባል። ማስፈራሪያና መሳቂያ፣ ሌላ መልክ የለውም። «አልነበረም» የሚለው ቃል የታሪክ ስሕተት ብቻ ሆኖ ቢቀር ባልተጨነቅን፤ ነገር ግን ሰውን ከዘመዱ ይነጥላል። ከጎንደር ገጠር ተወልዶ ያደገ ልጅ በዚህ ሥዕል ውስጥ ራሱን ሊያገኝ አይችልም፤ ካገኘም ባዕድ ሆኖ ነው። ጎረቤቱም ሲመታው የወንድሙን ልጅ የመታ አይመስለውም፤ ወራሪ የመከተ ይመስለዋል።

እዚህ ጋ የሚነሣው ተቃውሞ ባዶ አይደለም። የውጭ ግፊት የሚባለው ተረት ነውን? አይደለም። ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2023 ሕጓን ስታጠብቅ የዓለም ባንክ አዲስ ብድር አቆመባት፤ ደሃ አገር ይህን ሲያይ የሥነ ምግባር ጉዳዩ በገንዘብ እየተገዛ ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። እኔም ብድርን ለእንዲህ ያለ ጉዳይ መያዣ ማድረግ ጥበብ ነው ብዬ አላምንም፤ ሊጠብቀው ያሰበውን ሰው ይበልጥ የባዕድ ወኪል ያስመስለዋልና። ግፊቱ መኖሩ ግን ሰዎቹ ከግፊቱ ጋር መጡ ማለት አይደለም። በነገራችን ላይ፣ ከውጭ የመጣውን እንለይ ካልን የሕግ አንቀጹም መመርመሩ አይቀርም። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊዛዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ናቸው፤ የራሳቸው አገር በአዋቂዎች ፈቃድ የሚፈጸመውን ከወንጀልነት ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1942 ነበር። ለእኛ የተጻፈልን ክልከላ ለእነርሱ ያለፈ ነገር ነበር ማለት ነው። ከዚህ ተነሥቼ ክልከላው የፈረንጅ ነው አልልም፤ ፍትሐ ነገሥቱ ከግራቨን ይቀድማል። «የእኛ» እና «የእነርሱ» የሚለው መስመር ግን ሰዎች እንደሚሉት በቀጥታ አልተሰመረም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሃይማኖት ወገን ነው፤ ክብደቱም ይበልጣል። አለ ብሎ ማመን መፍቀድ ነው፣ ዛሬ «ነበሩ» ያለ ነገ «ይሁኑ» ይላል ይባላል። የዚህ ክርክር ችግሩ ራሱን ሃይማኖቱን መጉዳቱ ነው። ንስሐ የሚገባ ሰው በሌለበት የንስሐ ትምህርት የለም። ስለ አራጣ የሚሰብክ ካህን አራጣ በሰበካው የለም ብሎ አይጀምርም፤ በመኖሩ ነው የሚሰብከው። የእስልምና ሊቃውንትም ይህን ፍርሃት አልፈሩም፤ የፊቅህ መጻሕፍት ጾታው ስላልለየ ሰው፣ ስለ ኹንሣ፣ ውርሱ እንዴት እንደሚከፈል፣ በሶላት ሰልፍ የት እንደሚቆም በዝርዝር ይደነግጋሉ፤ አነጋገሩና አረማመዱ ወደ ሴት ስላደላ ሰውም ሲናገሩ በተፈጥሮው የሆነውንና ሆን ብሎ የሚመስለውን ይለያሉ። እነዚህ ሊቃውንት ልል አልነበሩም፤ የሚያዩትን ሰው ግን አላየንም አላሉም። ትምህርቱ ይጽና ወይስ ይታይ የሚለው የሲኖዶስና የዑለማ ጉዳይ ነው። ሁለት አዋቂዎች በፈቃዳቸው ባደረጉት ይታሰሩ የሚለው ግን የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ በእኔ እምነት እስር ቤት የንስሐ ቦታ ሆኖ አያውቅም፤ ኃጢአትን ሁሉ ፖሊስ ይቅጣ ከተባለም ጾም የሻሩት ከፊት ይሰለፋሉ።

እ.ኤ.አ. በ2007 የፒው የጥናት ማዕከል ባደረገው መጠይቅ ከተጠየቁት ኢትዮጵያውያን 97 በመቶው ኅብረተሰቡ ሊቀበለው አይገባም ብለዋል። ይህ የሕዝብ ድምፅ ነው፣ ምን ትጨምራለህ የሚለኝ ይኖራል። ቁጥሩን አልክድም። የተጠየቀው ግን ሊቀበሉት ይገባል ወይ ነው እንጂ አለ ወይ አይደለም፤ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ብዙኃን ድምፅ ሊሰጡበት አይችሉም።

ይህን ሁሉ በድንበር ከተማዋ በመተማ ላይ ሆኖ ማሰብ ለክርክሩ ሌላ ጠባይ ይሰጠዋል። ለሰሊጥና ለጥጥ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ከመንደሩና ከዘመዱ ዓይን ርቆ ወራት ይቆያል፤ ሹፌሩ ያድርና ያልፋል፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የካርቱምን ጦርነት የሸሸ ብዙ ሰው በዚያች ከተማ በኩል ገብቶ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ተቀምጦ ነበር። ከድንበሩ ማዶ ያለችው ሱዳን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ለዚሁ ድርጊት በሕጓ የነበረውን የሞትና የግርፋት ቅጣት ሰርዛ እስራቱን ብቻ አቆየች፤ ያውም የሸሪዓ ሕግ ያወጀች አገር ሆና። እንዲህ ባለ መተላለፊያ ላይ «ከእኛ ወገን የለም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ እንኳ «እኛ» ማን እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን ይጠይቃል። በገንዳ ውሃ ወይም በመተማ ዮሐንስ ያለ የንስሐ አባት ፊት አንድ ወጣት ቀርቦ ምስጢሩን ቢናገር ካህኑ በቀኖናው መሠረት የሚለው ይኖረዋል፤ ያዝዘዋል፣ ይመክረዋል፣ ይገሥጸዋል፤ ወጣቱም ይቀበል ይሆናል ወይም ይከራከር ይሆናል። የአደባባዩን መልስ ይዞ የመጣ ካህን ግን ከዚህ አንዱንም ማድረግ አይችልም፤ የሚያናግረው ሰው አስቀድሞ ተሰርዟልና።

ሊደረግ ከሚችለው ነገር አንዱ በጣም ቀላል ነው። የገድለ ወለተ ጴጥሮስ የብራና ቅጂዎች ሁሉ ጎን ለጎን ቀርበው፣ አከራካሪዎቹ ቃላት አማራጭ ንባባቸው በግርጌ ተጽፎ፣ በአማርኛ ማብራሪያ ሊታተሙ ይችላሉ፤ ማንም ፕሪንስተንን ወይም ቲክቶክን ሳይጠብቅ ራሱ አንብቦ ይፈርዳል። የጣና ዳሯ የቆራጣ መነኮሳት፣ የግዕዝ መምህራንና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ሰዎች አብረው ቢሠሩት ያምርበታል። ለዠበዩ ጠባቂም አንድ ማስታወሻ ይገባዋል፤ ዛሬም በቋራና በመተማ የጉሙዝ ማኅበረሰብ ስላለ፣ በዚያ ቆላ ይኖሩ የነበሩት እነማን እንደሆኑ በምን ቋንቋ እንደሚናገሩ የሚያውቅ ሰው ከአርታኢዎቹ አንዱ ቢሆን አይከፋም።